ጠገብኩ ሳትል

በዚያ ቤት ቁልፍ ያለው ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ የምግብ ቁም ሣጥኑ። የውጭው በር እንኳ ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ ይውላል። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ግን በክር ታስሮ ከእናትየው አንገት አይወርድም፤ ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም። ይህ ሁሉ ጥበቃ ታዲያ ከማን ነው? ከሌባ? ከአይጥ? ኧረ አይደለም! ከገዛ ልጇ ነው... አምጣ ከወለደቻት፣ የመጀመሪያዋ ከሆነችው ከትልቋ ልጇ። እናት ከልጇ አፍ ዳቦ ትቆልፋለች ወይ? ለመፍረድ አትቸኩሉ። ይህቺ እናት በራሷ ላይ የፈረደችውን ያህል ማንም አይፈርድባትም።

ልጅቱ ስትወለድ እንደ ማንኛውም ሕፃን ነበረች። ጡት ከያዘች ግን አትለቅም፤ ሲያስለቅቋት ቤቱን በለቅሶ ታናውጠዋለች። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏቸው ነበር። አባትየው መካኒክ ነው፤ ከጋራዥ ሲመለስ የዘይት እጁን እንኳ ሳይታጠብ አጎንብሶ ያያትና "የኔ ጀግና! እሷማ ገና ዓለምን ትበላለች!" እያለ ይስቅ ነበር። ወይ ሳቅ! በኋላ ያ ሳቅ ከቤቱ ተሟጦ ጠፋ። ልጅቱ አንድ ሳህን ሩዝ ትበላለች፣ ሁለተኛ ትጠይቃለች፣ ሦስተኛውን ሲከለክሏት የድስቱን ቂጥ ትፍቃለች። ጥሬ ድንች ትቆረጥማለች፣ ዱቄት በእፍኟ ትቅማለች። ሰውነቷ እያበጠ ሄደ፤ ጉልበቷ ሊሸከማት አቃተው። የሰፈር ልጆች "ጎተራ" የሚል ቅጽል አወጡላት። እሷም አትቆጣም፤ ፍልቅልቅ ልጅ ነበረች፤ "ጎተራማ ይሞላል እኮ!" ትላቸዋለች። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ከዚያ ቀልድ ውስጥ እውነቱን የሰማ አንድም ሰው አልነበረም።

ያልተባለ ምክር፣ ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ "ምግብ ቀንሱላት፣ አሯሩጧት" ተባሉ። ቀነሱላት፤ ሰረቀች። ገረፏት፤ እያለቀሰች በላች። ጎረቤቱ ሁሉ "አቅብጠዋት ነው" አለ። እናትየውም እንዲያ አመነች። ቁልፉን ገዝታ አንገቷ ላይ ያሰረችው ያኔ ነው።

አሁን የሚያቃጥለውን ነገር ልንገራችሁ። ይህቺ እናት የምትሠራው የት ይመስላችኋል? ረሃብ በሚጠናበት ቦታ! በአንድ የምርምር ተቋም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። በዚያ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን የሚመረመረው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ነው። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ የሰው ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በደም በኩል ወደ አንጎል መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው ሌፕቲን ነው፤ መልእክቱም "በቅቶናል፣ ሳህኑን አንሱ" ነው። በዚያ ላቦራቶሪ ይህ መልእክተኛ ከተፈጥሮ የሌላቸው አይጦች አሉ። ይበላሉ፣ ይበላሉ፣ እንደ ኳስ ይነፋሉ፤ አንጎላቸው ግን በረሃብ ሊሞቱ ነው ብሎ ይጮኻል። ሆርሞኑን ሲወጓቸው ከምግቡ ዘወር ብለው፣ ጥቅልል ብለው ይተኛሉ። ከሁሉ ወፍራሟን አይጥ እናትየው "እሜቴ" ብላ ትጠራት ነበር። ጎጆዋን እያጸዳች "አይዞሽ እሜቴ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም እኮ" ትላታለች። ይህን ብላ ጋውኗን ታወልቅና ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ በሩ ላይ ስትደርስ እጇ ሳታዝዘው አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ይዳብሳል።

ታዲያ እንዴት አላየችውም? ዓይኗ ሥር እያለ! አይ፣ አይታው ነበር። ችግሩም ያ ነው፤ አይታው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እሜቴን መዝና ወደ ጎጆዋ ስትመልሳት ልቧ ድንገት ደነገጠ። አይጧ የምግብ ማቅረቢያዋን ብረት የምትይዝበት አያያዝ... ልጇ ቁም ሣጥኑን የምትይዘው እንደዚያው ነው! በማግስቱ መርፌና ብልቃጥ በቦርሳዋ ደብቃ ወደ ቤት ወሰደችና ከልጇ ክንድ ትንሽ ደም ቀዳች። ልጅቱ "ከተወጋሁ በኋላ ብስኩት አለ?" ብላ ጠየቀች እንጂ አላለቀሰችም። የሥራው ሕግ ግን ጥብቅ ነው፤ ያልተፈቀደ ደም ወደዚያ ክፍል አይገባም። ዋናዋ ተመራማሪ፣ ሁሉ ሰው "ፕሮፌሰሯ" የሚላት አዛውንት፣ በእንዲህ ያለ ነገር አትቀልድም፤ ለዚህ ያባረረችው ሰው አለ። እናትየው ሰው ለምሳ ሲወጣ ጠብቃ፣ የልጇን ናሙና ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላ ሠራችው።

ምርመራው የሚሠራው ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ነው። በየጉድጓዱ የአንድ ሰው ናሙና ይጨመራል፤ ሆርሞኑ ካለ ፈሳሹ መጨረሻ ላይ ቢጫ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥር ቢጫው ይደምቃል። ሰዓቱ ሲደርስ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ሁሉም ቢጫ ሆኗል። የቀጫጭኖቹ ፈዘዝ፣ የወፋፍራሞቹ ደመቅ ብሏል። የልጇ ግን... የልጇ ጉድጓድ እንደ ንጹሕ ውኃ ቁልጭ ብሎ ቀረ።

ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ እውነቱን አየችው። ወዲያው ግን ሙያዋ መጣና እውነቱን ነጠቃት። ወፍራም ሰው ስቡ ብዙ ነው፤ ስቡ የበዛ ሰው ሆርሞኑም ብዙ ነው፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ያለፈው የሰው ደም ሁሉ ሲናገር የኖረው ይህንን ነው። ስለዚህ የልጇ ጉድጓድ ከሁሉም ይልቅ መድመቅ ነበረበት። ምንም አለመኖር ደግሞ በአይጥ እንጂ በሰው አይታ አታውቅም። "ሳልጨምር አልፌያለሁ" አለች ለራሷ። "በሩን በሩን ስመለከት ረስቼዋለሁ።" እንዲህ ዓይነት ስሕተት በሥራዋ አዲስ አይደለም፤ የቸኮለ እጅ ጉድጓድ ይዘላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደግማ ትሠራው ነበር። ግን የምትደግምበት ደም አልተረፋትም፤ ፕሮፌሰሯን እንዳትጠይቅ ፈራች፤ በኮሪደሩ ደግሞ የሰው ኮቴ ተሰማ። ሳህኑን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፣ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ወደ ቤቷ ሄደች። ማታ ልጇ ሁለተኛ ሳህን ስትጠይቅ "በቃሽ!" አለቻት። አይ እናት!

ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተከተለ። ታናሽ እህት ተወለደችና በእግሯ መሄድ ጀመረች። ትልቋን "እታለም" እያለች በየሄደችበት ትከተላታለች። ያን ሰሞን አባትየው ከጋራዡ ባለቤት ጋር የገባበትን ቅሬታ ለማብረድ ሰውየውን ከነባለቤቱ እራት ጠራ። እናትየው ስጋ ጠበሰች፣ ፓስታ ሠራች፣ ኬክ ተገዛ። እንግዶቹ ሲገቡ ግን ጠረጴዛው ላይ የቀረው የተላሰ ሳህን ነበር። ትልቋ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ አፏ ዙሪያ ክሬም አለ፤ ዓይኗ የሚገባበት አጥቷል። አባትየው የሰው ፊት ገረፈው። ደሙ ፈላ።

"ጠግበሻል!" ብሎ ጮኸ። "ይሄ ጥጋብ ነው! ጥጋብሽን አበርድልሻለሁ!" በጥፊ አጮላት።

በቋንቋችን የሞላ ሆድም፣ ያበጠ ልብም ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱንም ጥጋብ እንላቸዋለን። ልጅቱ ጉንጯን ይዛ ቀና አለች። እንባዋ ቢወርድም ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እውነተኛ ጥያቄ ነበር።

"አባዬ... ጥጋብ ምን ይመስላል?"

የጋራዡ ባለቤት ሚስት "ውይ፣ ምላሷ!" አለች። አባትየው እንዳሾፈችበት ነው የተረዳው፤ ሁለተኛውን ጥፊ ከመጀመሪያው አከፋው። ለጥያቄዋ ያገኘችው መልስ ያ ነበር። እናትየውም ቆማ ታይ ነበር።

በማግስቱ ቁርስም ምሳም ተከለከለች። ዝናብ ይጥል ነበር። ልጅቱ ቤተሰቡ ሳያያት ወጣች፤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ የሚጣለውን ያረረ ዳቦ ፍለጋ። ያ የሚያማት ጉልበቷ ጭቃው ላይ ጣላትና መነሣት አቅቷት እዚያው በዝናብ ስትደበደብ ቆየች። ዳቦ ጋጋሪው አግኝቶ ተሸክሟት ሲመጣ ብብቷ ሥር ሁለት ያረሩ ዳቦዎች ነበሩ። አንዱ ተገምጧል፤ አንዱ ግን ሙሉ ነው። "ይሄ የሷ ነው" አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ወደ ታናሿ እያመለከተች። ተመልከቱ እስቲ! በሕይወቷ ሙሉ ያልጠገበች ልጅ አንድ ሙሉ ዳቦ ሳትነካ ተሸክማ መጣች። ያን ዳቦ ለማትረፍ ከራሷ ጋር ምን ያህል እንደታገለች ማን ያውቃል?

ብርዱ ሳምባዋ ውስጥ ገባና ሆስፒታል ተኛች። መልእክተኛው ሆርሞን የጎደለው ሰውነት በሽታን መመከት እንደሚቸግረው ያኔ በዚያ ሆስፒታል የጠረጠረ አልነበረም። እናትየው ከአልጋው አልተለየችም። አንድ ጠዋት ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች።

"እማዬ... አትምቷት" አለች።

"ማንን ነው፣ የኔ እመቤት?"

"እሷን። ትንሿን። እሷም እንደኔ ናት። ጠግባ አይደለም... ርቧት ነው። እኔ አውቃለሁ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "አትቆልፉባት፣ እሺ?"

"እሺ፣ እናቴ! እሺ!" እናትየው ቁልፉን ከአንገቷ በጠሰችው፤ ክሩ አንገቷን ቆርጦ ደም አወጣ። "ያውልሽ! አንቺም ስትድኚ የፈለግሽውን ትበያለሽ!" ልጅቱ ፈገግ አለች። ቁልፉን በትንሽ እጇ ጨበጠችው። እንደጨበጠችውም ቀረች...

ከቀብር በኋላ ቤቱ ሰው አልባ መሰለ። አባትየው አይበላም፤ ቀኝ እጁን እያገላበጠ ያያል። አንድ ቀን እናትየው ኀዘኑ አንጎሏ ላይ ወጣና "አንተ ነህ የገደልካት! በዚያ እጅህ!" አለችው። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወጣና ጋራዥ ውስጥ ማደር ጀመረ። እሷም ተወችው። ጥፋቱን ሁሉ ተሸክሞ ሲወጣ ሸክሟ የቀለለላት መስሏት ነበር። ምስኪን!

ትንሿ ልጅ ግን ባዶውን ድስት ይዛ አለቀሰች። እናትየው ያን ለቅሶ ታውቀዋለች። የልጇ የመጨረሻ ቃል በጆሮዋ ደወለ፤ "እሷም እንደኔ ናት።" ከዚያ ወዲያ አላመነታችም፤ ትንሿን አዝላ በቀጥታ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባችና ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። አዛውንቷ ደነገጠች፤ አነሣቻት፤ ሰማቻት። ፈቃዱ ተጻፈ፤ ደሙ ተቀዳ፤ ፕሮፌሰሯ ለዘመናት ያልያዘችውን የናሙና መቅጃ ፒፔት ራሷ ይዛ ናሙናውን በገዛ እጇ ጨመረች። ሰዓቱ ሲደርስ ሳህኑ ቢጫ ሆነ። አንድ ጉድጓድ ብቻ እንደ ንጹሕ ውኃ ቁልጭ አለ።

"ምናልባት... ሳይጨመር..." አለች እናትየው። ስሕተት በሆነ ብላ የተመኘችው ለትንሿ ብላ አልነበረም፤ ለራሷ ነበር።

"ተጨምሯል" አለች ፕሮፌሰሯ። "እኔው ነኝ የጨመርኩት። ሆርሞኑ የላትም። ስቧ አለ፤ መልእክተኛው ግን ገና ከአፈጣጠሩ ተበላሽቶ ነው የሚወጣው። ከአባትም ከእናትም ግማሽ ግማሹን ወርሳዋለች።"

"እንግዲያው ያኔም..."

"የቱን ጊዜ?"

እናትየው ተናገረች፤ የተደበቀውን ደም፣ የተጣለውን ሳህን፣ ሁሉን። ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያባርሩኛል ብዬ ነዋ!"

"እቆጣሽ ነበር" አለች አዛውንቷ። "ምናልባትም አባርርሽ ነበር። ግን ደግሜ እሠራው ነበር፣ ልጄ።" ይህን ብላ እሷም አለቀሰች። እናትየው ግን እንባ አልመጣላትም፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ያን ንጹሕ ጉድጓድ ታያለች። ልጇ ሆዳም አልነበረችም! ቀበጥ አልነበረችም! ያን ሁሉ ዓመት፣ በሙሉ ቤት ውስጥ፣ እናቷ አጠገብ በረሃብ ስትሞት ነው የኖረችው...

መድኃኒቱ ራሱ ሆርሞኑ ነበር፤ በላቦራቶሪ የተሠራ፣ በየቀኑ ከቆዳ ሥር የሚወጋ። ፕሮፌሰሯ ለፍታ፣ ደጅ ጠንታ እስክታስመጣው ድረስ ሳምንታት አለፉ። በእነዚያ ሳምንታት እናትየውን አንድ ነገር እንደ እሾህ ይወጋት ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ የሚያድረው ሰው። ዝም ካለች ማንም አያውቅባትም። ከነገረችው ደግሞ ትዳሯ ያበቃለታል፤ እንዴት ይቅር ይላታል? መጀመሪያ ስትከሰው በእርግጥ አታውቅም ነበር። አሁን ግን እያወቀች ዝም ማለቷ ሌላ ነው።

ሄደች። አንድ አሮጌ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። "እኔ ነኝ" አለች። እግሩ ተንቀሳቀሰ፤ አልወጣም። ፊቱን ብታይ ኖሮ ምናልባት ድፍረቱን አታገኝም ነበር፤ ለእነዚያ በዘይት ለወየቡ ጫማዎች ሁሉን ነገረቻቸው። የልጇ ደም ከዓመታት በፊት እውነቱን እንዳሳያት፣ እሷ ግን ጠርጋ እንደጣለችው፣ ሕመም እንጂ ጥጋብ እንዳልነበረ። ስትጨርስ አንድ ብረት ከእጁ ወድቆ ጮኸ።

"ምን ይመስላል ብላ ጠየቀችኝ እኮ" አለ። "ጥጋብ ምን ይመስላል አለችኝ። ከልቧ ነበር! የማታውቀውን ነው የጠየቀችኝ... እኔ ደግሞ በጥፊ መለስኩላት።"

"እኔም ቆሜ አየሁ።"

"አንተ ነህ የገደልካት አልሽኝ።"

"አዎ። ይቅር በለኝ። ባትለኝም አልፈርድብህም።"

"ሂጂ" አላት። "አሁን ሂጂ።" ሄደች። ከእንግዲህ ወደ ቤት እንደማይመለስ እያሰበች፣ የእንባ ጎርፍ እያወረደች ሄደች።

መርፌው ከተጀመረ በኋላ አንድ ምሽት እናትና ትንሿ ልጅ እራት ሊበሉ ሲቀመጡ በሩ ተንኳኳ። አባትየው ነው፤ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ አንኳክቶ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። "ልያት ብዬ ነው" አለ። እናትየው ወንበር ሳበችለት። ሾርባ፣ ዳቦ፣ ድንች ቀረበ። ቁም ሣጥኑ ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፤ ቁልፉ የት እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ከልጃቸው ጋር ተቀብሯል። ትንሿ በላች። ሁለቱም የራሳቸውን ሳይነኩ እጇን እየተከተሉ ያያሉ። ማንኪያው ወረደ፣ ወጣ... ወረደ፣ ወጣ... ከዚያ ቆመ። ልጅቱ ሳህኗን በመገረም አየችው። ውስጡ ምግብ አለ፤ እሷ ግን አልፈለገችውም። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም።

"ጠገብኩ" አለች።

ያ ቃል! በዚያ ቤት ስድብ ሆኖ የኖረው፣ ከልጅ አፍ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሰምቶ የማያውቀው ቃል! እናትየው አፏን በሁለት እጇ አፈነች። አባትየው ቀኝ እጁን ዘርግቶ የልጅቱን ጉንጭ ሊነካ ፈለገና በመንገድ ላይ ፈርቶ ቆመ። ልጅቱ ግን ገና አልጨረሰችም። የተረፈውን ዳቦ በጥንቃቄ ከሳህኑ አንሥታ ወደ እናቷ ገፋችው።

"ይሄን ለእታለም አስቀምጡላት" አለች። "እሷ አልጠገበችም።"

የዚያን ጊዜ ሁለቱም አብረው ነው የፈረሱት። ባልና ሚስቱ ያንን ቁራሽ ዳቦ መሐል አድርገው፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ፣ እስከዚያ ቀን ተለያይተው ያለቀሱትን ሁሉ አንድ ላይ አለቀሱት። ትንሿ ግራ ገብቷት ታያቸዋለች። ቆይቶ አባትየው ተነሣ፤ ዳቦውን በንጹሕ ሳህን አድርጎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠው፤ በሩንም አልዘጋውም። ወደ ጋራዡ አልተመለሰም።

ዕጣ ፈንታ የምንለው ነገር እንዴት ያለ ነው? ትልቋ ጥያቄዋን ትታ ሄደች፤ መልሱ የመጣው በታናሿ አፍ ነው። መምጣቱስ መጣ፤ ግን የጠየቀችው ልጅ የለችም። ዛሬም በዚያ ቤት እራት ሲቀርብ እናትየው መጀመሪያ አንድ ቁራሽ ዳቦ ትቆርሳለች፤ ወደ ጎን ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ቤተሰቡ ይበላል።